ቢቸና ላይ ስንት ወንበር አለ?

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ቤተሰቦቼ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በተፈጥሮ ሳይንስ ነው። የፍሬሽማን ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ በቅርቡ ዲፓርትመንት እንሞላለን። እኔ የምወደው ስታቲስቲክስ ነው። ግን እናቴ ብቻዋን ስለሆነች ስመረቅ ወደ ቤት መመለስ እፈልጋለሁ። አጎቴ ‹ቢቸና ላይ ስታቲስቲክስ ምን ያደርግልሻል? ሥራ ያለው ጤና ነው፤ ነርሲንግ ሙይ› ይሉኛል። ለመሆኑ በትንሽ ከተማ የምንማረው ትምህርትና የምናገኘው ሥራ ምን ያህል ይገናኛሉ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ትልቁ ቃል «ወደ ቤት መመለስ» የሚለው ነው። ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ለሚገባ ልጅና ቢቸና ለምትመለስ ልጅ የአንድ ዲግሪ ዋጋ አንድ አይደለም። ብዙ መካሪ ይህን ይዘለዋል። «ይህ ትምህርት ሥራ አለው፣ ያኛው የለውም» ይላል። የት? ለማን? ስንት ሰው ቀድሞ ተቀምጦበታል? አይልም።

እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት ወረዳ ላይ ነው፣ ሰው ሀብት። ማስታወቂያ አውጥቻለሁ፣ የትምህርት ማስረጃ አይቻለሁ፣ ተፈታኝ አስፈትኛለሁ። አሁን ደግሞ ተመራቂዎችን አማክራለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከሰሌዳው ኋላ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ትልቅ ከተማ ላይ ሙያ መጥበብ ይችላል። የሚገዛው ሰው ብዙ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ እየሠሩ መኖር ይቻላል። ትንሽ ከተማ ላይ ግን የሥራ መደቦች በጣት ይቆጠራሉ። ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ ወረዳው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው። መደቡ በመዋቅር ተወስኖ ያለቀ ነው። እኔ ወንበር እለዋለሁ። ወንበሩ ላይ ሰው ካለ፣ እስኪነሣ ትጠብቂያለሽ። እዚህ ላይ የትምህርትሽ ዓይነት ብቻውን አይወስንም። ወንበሩ ስንት ነው፣ የተቀመጡትስ ስንት ዓመታቸው ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ይወስናሉ።

እስቲ አጎትሽ ካሉት እንጀምር። ለነርስ ስንት ወንበር አለ? ይህን ለመገመት መንግሥት ራሱ ያወጣው መለኪያ አለልን። አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው፣ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100,000 ለሚደርስ ሰው ነው። 150,000 ሕዝብ ያለው ወረዳ እንውሰድ። 30 ጤና ኬላ፣ 6 ጤና ጣቢያ፣ አንድ ሆስፒታል ይኖረዋል እንበል። ጤና ኬላውን ተዪው፤ እዚያ የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። በየጤና ጣቢያው 10 ነርስ ብናስቀምጥ 60 ይሆናል። ለሆስፒታሉ 40 እንጨምር። በአጠቃላይ 100 ወንበር።

አንቺ ስታቲስቲክስ ትወጂያለሽና ቀጣዩን አብረን እናስላው። ነርስ በ22 ዓመቷ ተቀጥራ በ60 ጡረታ ትወጣለች እንበል። 38 ዓመት ማለት ነው። 100ን ለ38 አካፍዪው። በዓመት የሚለቀቀው ወንበር ሦስት አይሞላም። ዝውውሩን፣ ትዳሩን፣ ሌላውንም ምክንያት ጨምረን አምስት እንበለው። ደብረ ማርቆስ ነርስ ያስመርቃል። ባሕር ዳርም ያስመርቃል። የግል ኮሌጆቹም አሉ። ለአምስት ወንበር ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አንቺው ገምቺው።

ይህም ቢሆን የተሻለው ስሌት ነው። የተቀመጡት ሰዎች ዕድሜ ከ22 እስከ 60 ተሰባጥሮ ቢሆን ነው እንዲህ የሚሆነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጤና ጣቢያ በብዛት የተሠራው በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. መካከል ነው። ያኔ ወንበሩ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ፤ በአንድ ጊዜም ሞላ። የሞላውም በወጣት ነው። ዛሬ እነዚያ ነርሶች አርባዎቹን ገና እየጀመሩ ነው። ጡረታቸው ሩቅ ነው። አጎትሽ «ጤና ሥራ አለው» ሲሉ የሚያስታውሱት ያንን ዘመን ይመስለኛል። ያዩት ነገር ልክ ነበር። የጎረቤት ልጅ ተመርቃ በወሩ ስትቀጠር አይተዋል። ያ በር ግን ተከፍቶ የነበረው ለዚያ ትውልድ ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ አስበልጬ እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አዲስ ፖሊሲ ሲመጣ አዲስ ወንበር ይመጣል። ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ይቀመጡበታል። ከኋላ የመጡት የሚደርሱት ወንበሩ በሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ከተያዘ በኋላ ነው።

መሬት አስተዳደርን ተመልከቺ። በ1995 ዓ.ም. ገደማ በክልላችን የገጠር መሬት መለካትና የይዞታ ደብተር መስጠት ተጀመረ። የእኛው ጎዛምን ውስጥ ያለው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ ነበር። ያንን ደብተር በየቤቱ ታውቂዋለሽ፤ ገበሬው ከሣጥኑ ሥር የሚያስቀምጠው ነው። ሥራው ሲሰፋ በየወረዳው የመሬት ባለሙያ አስፈለገ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ወንበር ይጠብቃቸው ነበር። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ ትምህርቱ ከአገሩ ችግር የተወለደ ነው። ዛሬ የሚመረቀው ልጅ ግን ያው ዲግሪ ይዞ፣ ያው ዕውቀት ኖሮት ይጠብቃል። ትምህርቱ አልረከሰም፤ ወንበሩ ተይዞ ነው።

ሲቪል ምህንድስናም ብዙ አይለይም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተብሎ ከተወሰነ በኋላ መሐንዲሱ በዛ። የማዘጋጃ ቤቱና የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ግን በዚያ ልክ አልበዛም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ተፈላጊ ችሎታ» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ላይ የትምህርት ዝግጅቶች በስም ተዘርዝረዋል። ዲግሪሽ ላይ ያለው ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አትመዘገቢም። የተማርሽው ኮርስ አንድ ይሁን፣ ችሎታሽ ይብለጥ፣ መዝጋቢው ምንም ማድረግ አይችልም።

አንድ ቀን የገጠመኝን ልንገርሽ። ግብርና ላይ አንድ መደብ ወጣ፣ ዜሮ ዓመት። የሚጠይቀው የግብርና ኢኮኖሚክስ ነው። አንድ ልጅ ከደብረ ኤልያስ በኩል መጣ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ ፋይሉን ግን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል። ዲግሪው «አግሪቢዝነስና ቫሊው ቼይን ማኔጅመንት» ይላል። ኮርሶቹን አየኋቸው። አብዛኛው ያው ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን ስሙ የለም። መለስኩት። ልጁ አልተቆጣም። «እሺ ጋሼ» ብሎ ፋይሉን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለ። መመሪያው እንዲህ ስለሚል ሌላ ማድረግ አልችልም ነበር። ግን በዚያው ዕለት ለበላይ ጽፌ ተመሳሳይነቱ እንዲታይ መጠየቅ እችል ነበር። አልጻፍኩም። ዛሬም ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ ለምመክረው ልጅ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ ዲፓርትመንት ስትሞላ ስሙን እንደ ዕቃ አገላብጠህ እየው። አዲስና ረጅም ስም ያለው ዲፓርትመንት ሲከፈት ያምራል፤ መዋቅሩ ግን ስሙን እስኪያውቀው ዓመታት ይፈጃል።

ስታቲስቲክስ እዚህ ላይ ነው የሚያስደንቅሽ። የነርስ ስም የሚቀመጠው በነርስ ወንበር ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ ስም ግን «የዕቅድ ዝግጅት፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ» የሚል መደብ ሲወጣ ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ይህ መደብ ደግሞ በአንድ ቢሮ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፣ ግብርና አለ፣ ጤና አለ፣ ሌሎቹም ጋ አለ። ወንበሮቹ ተበታትነው ስለሚገኙ አጎትሽ አያዩዋቸውም። «እከሌ ስታቲስቲሽያን ነው» ተብሎ በከተማው የሚጠራ ሰው የለም። ነርሷን ግን ሁሉም ያውቃታል፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ ያያታል።

ሆኖም ላሞኝሽ አልፈልግም። በዚያው ወንበር ላይ ኢኮኖሚክስ የተማረውም፣ ማኔጅመንት የተማረውም መቀመጥ ይችላል። ማኔጅመንትና አካውንቲንግ ደግሞ ብዛታቸው የትየለሌ ነው። ለምን መሰለሽ? ለማስተማር ርካሽ ናቸው። ላቦራቶሪ አይፈልጉም። ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳና መምህር ይበቃል። ስለዚህ የግሉ ኮሌጅ ይከፍታቸዋል፣ የማታው ይከፍታቸዋል፣ የርቀቱም ይከፍታቸዋል። በየትንሹ ከተማ ገበያውን ያጥለቀለቁት ለማስተማር ርካሽ የሆኑ ትምህርቶች ናቸው።

አካውንቲንግን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ላክል። ሰው በየጽሕፈት ቤቱ አንድ አንድ አካውንታንት ያለ ይመስለዋል። ወረዳ ላይ ፋይናንስ በፑል ነው። የብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ጥቂት ሰዎች ይሠሩታል። ባንኮቹስ? እውነት ነው፣ በየከተማው ተከፍተዋል። ነገር ግን ቅጥሩ በአብዛኛው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የቢቸና ልጅ ተፈትና ወለጋ ወይም ድሬዳዋ ልትመደብ ትችላለች። የአካውንቲንግ ደኅናው እንጀራ ሌላ ቦታ ነው። መዝገብ መያዝ ግዴታ የሆነባቸው ነጋዴዎች አሉ። የአምስት የስድስት ነጋዴ ሒሳብ እየሠራ ከወረዳ ሠራተኛ የተሻለ ገቢ ያለው ልጅ አውቃለሁ። ማንም በወር ደመወዝ አልቀጠረውም።

ይህ ወደ ሁለተኛው መንገድ ይወስደናል። ወንበር ሳትጠብቂ የራስሽን በር የሚያስከፍቱ ትምህርቶች አሉ። ምልክታቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሙያ ፈቃድ ነው። ፋርማሲ አንዱ ነው። መድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ አይከፈትም። ገንዘብ ያለው ነጋዴ እንኳ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቀጥሮ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ገንዘብ ባይኖርሽም ፈቃድሽ በራሱ ያስቀጥርሻል። የእንስሳት ሕክምናም እንዲሁ ነው። የዋሸራን በግ፣ የእርሻ በሬውን፣ የወተት ላሟን ይዞ የሚኖር አገር ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት ቤት በገበያ ቀን ሰው አያጣም። ፋርማሲ አምስት ዓመት፣ የእንስሳት ሕክምና ስድስት ዓመት ነው። ረጅም ነው፣ ከባድም ነው። ለመክፈት ደግሞ ብድር፣ ኪራይና ዋስ ያስፈልጋል። ግን «ወደ ቤት መመለስ አለብኝ» ለሚል ሰው እነዚህን ሳልነግር ብቀር ምክሬ ጎዶሎ ይሆናል።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ እሱንም ልንገርሽ። በአንድ አገር ላይ ችግር መኖሩና ለዚያ ችግር የሚከፈል ደመወዝ መኖሩ የተለያዩ ናቸው። የጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማ እየሆነ ነው። ገበሬው ኖራ ካልጨመረበት ማዳበሪያው ብቻውን አይሠራለትም። አዊ ደግሞ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ሕይወቱን ቀየረ፤ ከዚያ ዛፉን በሽታ መታው። የአፈር ባለሙያም የዛፍ በሽታ ባለሙያም ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ነገር ግን በወረዳ መዋቅር ላይ «የዛፍ በሽታ ባለሙያ» የሚል መደብ አይቼ አላውቅም። ልጆቻችን የአገራቸውን በሽታ ተምረው ይመለሳሉ፤ የሚቀመጡበት የለም። መዋቅር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። የአገር ችግር ሲለወጥ የወንበሩም ስም መለወጥ አለበት።

ፋብሪካም አለ። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። የዘይት ፋብሪካውም በዚያው ዓመት ነው። ብዙ ተመራቂ ተስፋ አድርጓል። ተስፋው ትክክል ነው። ግን ፋብሪካ በብዛት የሚፈልገው ማሽን የሚያንቀሳቅስ፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ብረት የሚበይድ ሰው ነው። ይህ ከፖሊ ቴክኒክ የሚወጣ ሙያ ነው። ለአንቺ ደግሞ ቡሬ ከቢቸና ሩቅ ነው።

«ዘመድ ከሌለሽ አትቀጠሪም» የሚልሽም አይጠፋም። ይህን አልክድም፣ አላጋንንምም። በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። ፈታኙ የአባትሽን ስም ያውቃል። ይህ አንዳንዴ ፍትሕ ያጓድላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላም ገጽታ አለው። ነጋዴው ሒሳቡን፣ መድኃኒት ቤቱ ቁልፉን የሚሰጠው ለሚያውቀው ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ ባለዲግሪ አይሰጥም። የእናትሽ ስም፣ የአንቺ ጠባይ፣ ትምህርት ቤት እያለሽ የነበረሽ ታማኝነት እዚያ ከተማ ላይ ማስረጃ ነው። ቤትሽ መመለስሽ ይህን ያህል ጥቅም አለው፤ ብዙ መካሪ አይቆጥረውም።

ያለንበትንም ጊዜ መዝለል አልችልም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ያለው የጸጥታ ችግር ቅጥሩንም ግንባታውንም አዳክሟል። መደቡ ክፍት ሆኖ በጀት የማይያዝለት ብዙ ነው። ስትቆጥሪ ክፍት መደብና በጀት የተያዘለት መደብ ለያይተሽ ቁጠሪ።

እንግዲህ የአንቺን ጉዳይ ልቁረጥ። ነርሲንግን በአጎትሽ ምክንያት አትሙዪ። ሙያው ክቡር ነው፤ በሽተኛ ማስታመም የምትወጂ ከሆነ ግቢበት። «ሥራ አለው» ብለሽ ብቻ ከሆነ ግን ያ ምክንያት ዛሬ የለም። ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። የማትወጂውን ትምህርት አራት ዓመት ጎትተሽ መጨረሻው ላይ መውደቅ አለ። የምትወጂውን የሚያጠና ሰው እዚያ ላይ ይቀድማል።

ቢቸና ከተማ ውስጥ፣ ከእናትሽ ቤት እየተመላለስሽ መሥራት ግዴታሽ ከሆነ ፋርማሲን አንደኛ አድርጊ፤ ውጤትሽ ካልደረሰ ስታቲስቲክስን። «ቤት» ስትይ ግን በየሳምንቱ እናቴን ማየት የምችልበት ቦታ ማለትሽ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ደብረ ማርቆስ ይቆጠራል፣ ሞጣም ይቆጠራል፣ ደጀንም ይቆጠራል። ዞን ላይ የዕቅድ ወንበር አለ፤ ዩኒቨርሲቲውና ፕሮጀክቶቹም አሉ። ያኔ ስታቲስቲክስን ያለ ፍርሃት አንደኛ አድርጊው። ኤክሴልና የመረጃ ሶፍትዌሮቹን እስከ ጥግ ተማሪ። በወረዳ ቢሮዎች ውስጥ ቁጥር የሚሰበስብ ሰው ሞልቷል፤ የተሰበሰበውን ቁጥር ማንበብ የሚችል ግን ጥቂት ነው።

ከመሙላትሽ በፊት ለአንድ ሳምንት ወደ ቤት መሄድ ከቻልሽ ሂጂ። ቢቸና ያለችበትን የእነማይ ወረዳ የማስታወቂያ ሰሌዳ እዪ። የቆዩትንም ማስታወቂያዎች ሰው ሀብት ጠይቂያቸው፤ ያሳዩሻል። በየጽሕፈት ቤቱ የዕቅድ ባለሙያው ማን እንደሆነና ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጻፊ። ከዚያ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ውረጂ፤ ፈቃድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለበትን በር ሁሉ ቁጠሪ።

አጎትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። የወረዳውን ሰው ሁሉ ያውቃሉ፤ ማን መቼ ጡረታ እንደሚወጣ ካንቺ ይልቅ ለእርሳቸው ይነግሯቸዋል። ደግሞም አብረው ሲቆጥሩ ያዩትን ያምኑታል። ቁጥሩን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አብረን እናየዋለን።